በሰልፉ ላይ የቀረው መጅ

ከወረታ የወጣሁት ጎህ ሲቀድ ነው። የታኅሣሥ ጤዛ ከሚኒባሱ ጣሪያ ጠብ ጠብ ይላል፤ ከወፍጮ ቤቶቹ ጓሮ የሩዝ ገለባ ሽታ ይመጣል፤ ረዳቱ «ባሕር ዳር! አንድ ሰው የቀረው! አንድ ሰው!» እያለ ይጮኻል። የቀረው ግን አንድ ሰው አልነበረም፣ ስድስት ነበር። ቆጥሬያለሁ። እንዲህ ያለውን ነገር ሳልቆጥር እንደማላልፍ የምታውቁኝ ታውቃላችሁ።

እናቴ በዋዜማው ከቁሐር ሚካኤል መጥታ አብራኝ አድራለች። በመስኮቱ ሥር ቆማ የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ይዛለች። «እዚያ ስትደርሺ ውሃውን አፍልተሽ ጠጪ» አለችኝ።

«ጣሊያን እኮ ነው እማ፣ ንጹሕ ነው አሉ።»

«ቢሆንም» አለች።

ስድስቱ ሰው ሞልቶ ሞተሩ ሲነሣ እትዬ ጥሩዬ በመናኸሪያው በር ገቡ። ጉልበታቸው ስለሚያማቸው አንድ እርምጃ ተራምደው አንድ ጊዜ ቆም ይላሉ። ረዳቱን «ቆይ አንተ! ምን ያጣድፍሃል!» ብለው ተቆጡትና በመስኮቱ በኩል አንድ ከረጢት አቀበሉኝ። ነጭ አቡጀዴ ነው፣ አፉ በጥቁር ክር ተሰፍቷል። የተቆላ ገብስ ሽታ በጨርቁ አልፎ አፍንጫዬ ገባ። በሶ ነው።

«ለመንገድሽ» አሉኝ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ከአራት ቀን በፊት ሐሙስ ዕለት፣ ስማቸው ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ሳይገኙ የቀሩት የት ሄደው እንደነበር ገባኝ። «እግዜር ይስጥልኝ እትዬ» አልኩ። ማለት የነበረብኝ ይህን አልነበረም፤ «ይቅር ይበሉኝ» ነበር። ከዚህ የሚረዝም አልነበረም። ሚኒባሱ ግን ወጣ፤ እኔም በሶውን ታቅፌ የሩዙን ማሳ በግራም በቀኝም እያየሁ ሄድኩ። ይኸው ሦስት ዓመት ሆነ።

እትዬ ጥሩዬን ለማታውቋቸው ልንገራችሁ። ቁሐር ተወልጄ ከብት ስጠብቅና ሩዝ ስተክል አድጌ፣ አንደኛ ክፍል የገባሁት በአሥራ አምስት ዓመቴ ነው። አራተኛን ስጨርስ ለመቀጠል ወረታ መጣሁ፤ እትዬ ጥሩዬ ባላቸው ሞተውባቸው ብቻቸውን ይኖሩ ነበርና ጓዳቸውን ሰጡኝ። በሥራ ነበር መክፈል የነበረብኝ፤ ውሃ መቅዳት፣ ሰልፍ መቆም። በተለይ ሰልፍ። የቀበሌው የሸማቾች ሱቅ ዘይትና ስኳር የሚያድለው ሁልጊዜ በትምህርት ሰዓት ነበረ። አንድ ጠዋት ጀሪካኑን ይዤ ልወጣ ስል ቀሙኝ። «አንቺ ወደ ደብተርሽ ሂጂ» አሉ። «እኔ ቁጭ ብዬም እሰለፋለሁ።»

ወረታ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ሌላ አገር ያላችሁ ግን ይግረማችሁ፤ እኛ ዘንድ ሰው ብቻ አይደለም የሚሰለፈው። ማለዳ ምልክትህን ከሱቁ በረንዳ ሥር ታስቀምጥና ከብትህን ልታወጣ፣ ልጅህን ልታበላ ትሄዳለህ። ድንጋይ ያለው ድንጋይ ያኖራል። ከሜዳው የሚመጣው ድንጋይ ከየት ያምጣ? ፎገራ ዋልካ ነው፣ ብትቆፍረው ብትቆፍረው ጠጠር አይወጣህም። ስለዚህ ጀሪካን ይኖራል፣ ያለቀ ጫማ ይኖራል፣ አንድ ጊዜ የበሬ ቀንበርም አይቻለሁ። የእትዬ ጥሩዬ ምልክት መጅ ነበር። ከጣራ ገዳም ሥር ተድረው ሲመጡ እናታቸው የሰጧቸው፣ እህል ሲፈጩበት ኖረው እንደ ሳሙና ያለቀ መጅ። ከጎኑ ደግሞ እጀታው የተሰበረ ሰማያዊ ጆግ ያስቀምጡ ነበር። ጆጉ እኔ ነኝ። እኔ ክፍል ውስጥ ከሕፃናት ጋር ተቀምጬ ክፍልፋይ ስማር፣ ጆጌ ከመጁ ኋላ ተሰልፎ ዘይት ይጠብቅልኝ ነበር።

አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ስሆን፣ ሰልፉ ውስጥ ጠብ በዝቶ ነበር። ሌሊት ድንጋይ የሚያንቀሳቅስ ነበረ። ሴቶቹ ተሰብስበው «የዝና፣ ተራችንን አንቺ ጻፊልን» አሉኝ። ጻፍኩ። ደንቡንም እኔው አወጣሁ። ምልክት ቦታ የሚይዘው በሩ እስኪከፈት ነው፤ በሩ ከተከፈተ በኋላ ስም ይጠራል፤ ሦስት ጊዜ ተጠርቶ «አለሁ» ያላለ ይሰረዛል፣ ከመጨረሻው ይጀምራል። ጠቡ ቆመ። በመዝገቤ እኮራ ነበር፤ መስመሩ ሁሉ በማስመሪያ የተሰመረ ነው።

ያ ሐሙስ ጾመ ነቢያት ውስጥ ነው። በማግስቱ የታኅሣሥ ሚካኤል፣ የማህበሩ ተረኛ እትዬ ጥሩዬ ናቸው፤ ቅቤ አይቻልም፣ ዘይት ያስፈልጋቸዋል። ሰባተኛ ነበሩ። መጁ በቦታው አለ። ስድስተኛዋ ዘይቷን ተቀብላ ወጣች።

«ጥሩዬ አያሌው!» አልኩ። ዝም። «ጥሩዬ አያሌው!» ዝም። ሰው ዞር ዞር እያለ አየ።

ዘይነብ ከኋላ ነበረች። ጨርቅ የምትሸጥ ጎረቤታችን ናት፣ አፏ አያርፍም፣ ልቧ ግን የዋህ ነው። «አንቺ የዝና! መጁ እኮ ይኸው! አሁን አሁን ይመጣሉ» አለች።

«ጥሩዬ አያሌው!» አልኩ ለሦስተኛ ጊዜ። ከዚያ ያልኩት ነገር ነው እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ። «መጅ አለሁ አይልም» አልኩ።

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ደስ አለኝ፤ ሰው የማስቅ ሴት አይደለሁም። በማስመሪያ ሰረዝኳቸው።

ሲመጡ ሠላሳ አንደኛዋ ላይ ደርሰን ነበር። ትከሻቸውና የፀጉራቸው ጫፍ ላይ ዱቄት ነበረባቸው። አይቻለሁ። አይቼ አልጠየቅኩም። «እትዬ፣ ተሰርዘዋል፤ ከመጨረሻ ነው» አልኳቸው፤ ደንቡን ለርሳቸው ሳላጎድል፣ ድምፄንም ሳልቀንስ። ቢናገሩኝ፣ «እኔ አይደለሁም ወይ ላንቺ ስሰለፍ የኖርኩት» ቢሉኝ እንዴት በወደድኩ። «ይሁን» አሉና ከመጨረሻ ቆሙ። ዘይቱ እርሳቸው ጋ ሳይደርስ አለቀ። በማግስቱ ማህበርተኛውን በተልባ አበሉ። ያን ሐሙስ ሰው ሁሉ የየምልክቱን አንሥቶ ሲሄድ መጁ በረንዳው ሥር ብቻውን ቀረ። በዚያ ሳልፍ አይቼው «የራሳቸው ነው፣ ያነሡታል» ብዬ አለፍኩ። ቤት ስገባ እርሳቸው በጊዜ ተኝተዋል።

ወፍጮ ቤት ነበሩ። የመከር ጊዜ ነው፣ ወፍጮ ቤቱ ሰልፍ በሰልፍ ነው፤ የኔን በሶ ሊያስፈጩ ቆመው፣ እዚህ ደግሞ መጃቸውን አምነው ትተው ነበር። ወይም፣ በትክክል ልናገር፣ እኔን አምነው ነበር።

የመንገዱን ነገር አላረዝምባችሁም። ጣሊያን የምትኖር የአክስቴ ልጅ አንዲት አሮጊት የሚጦር ሰው እንደሚፈልጉ ሰምታ ወረቀቱን አስላከችልኝ፤ ይህን ሥራ እዚህ «ባዳንቴ» ይሉታል። አዲስ አበባ ሰባት ሳምንት ቪዛ ጠብቄ ተሳፈርኩ። ወርጄ ሻንጣዬ ሲፈተሽ ፈታሹ የአቡጀዴውን ከረጢት አወጣ። ክሩን በጠሰ፣ ወደ ውስጥ አየ፣ ጓደኛውን ጠራ።

«ይህ ምንድን ነው?» አለኝ በእንግሊዝኛ።

«በሶ» አልኩት።

«በሶ ምንድን ነው?»

«ገብስ። ምግብ።»

«ለምን ቡናማ ሆነ?»

«ተቆልቶ ነዋ!»

ሁለቱም ተያዩ። እኔ ደግሞ እጄን ሰድጄ አንድ እፍኝ ቃምኩ። በሶ በደረቁ የቃመ ያውቀዋል። ዱቄቱ ጉሮሮዬን ያዘው፣ ሳልኩ፣ የፈታሹ ጥቁር ዩኒፎርም በሶ ለበሰ። ጓደኛው በሳቅ ግድግዳ ተደገፈ። «ሂጂ፣ ሂጂ» አሉኝ።

የደረስኩበት አገር ምን እንደሚመስል ብነግራችሁ አታምኑኝም። ሜዳ ነው። እስከ ሰማዩ ጥግ ሜዳ፣ ሜዳው ውሃ፣ ውሃው ውስጥ ሩዝ። የመጀመሪያው ግንቦት በመስኮት ሳየው የክረምት ጊዜ የቁሐር ማሳ መሰለኝ፤ ከብቱ ብቻ ጠፋኝ። ቢንቢውም ያው ነው፣ በጣሊያንኛ አይነክስም። እኛ ሩዙን ከጤፍ ቀላቅለን እንጋግረዋለን፣ እነሱ በሾርባ እንደ ገንፎ እያማሰሉ ይሠሩታል፤ ሆድ ውስጥ ሲገባ ግን ሁለቱም አንድ ነው። ጭጋጉ ግን የኛ አይደለም። ኅዳር ላይ ይመጣል፣ ከፊትህ ያለውን ሰው ጀርባ ይውጥብሃል፤ ሰልፍ ላይ ከማን ኋላ እንደሆንክ አታውቅም።

ከሰልፍ አልወጣሁምና ወደዚያው ልመለስ። የመኖሪያ ፈቃድ ለመጠየቅ ከአንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ ማልጄ ደረስኩ። አሥራ ሰባት ሰው ቆሟል፣ የቀደመውና የተከተለው አይታወቅም፣ አንዱ አንዱን ይገፋል። ምን ላድርግ? ደብተሬን አወጣሁና መጻፍ ጀመርኩ። በእጄ ምልክት ስማቸውን እየጠየቅኩ፣ ከቀደመው እስከ ኋለኛው። ጥበቃው መጥቶ በእንግሊዝኛ አነጋገረኝ።

«ሲኞራ፣ የዚህ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነሽ?»

«አይደለሁም።»

«ታዲያ ማን ጻፊ አለሽ?»

«ማንም። ሰው ስላለ ነው የጻፍኩት።»

«ቁጥር የሚሰጥ ማሽን አለ። ሁለት ሰዓት ሲሆን ይሠራል።»

«ከማሽኑ በፊት ማን ቀድሞ እንደመጣ ማሽኑ ያውቃል?»

አሰበበት። «አያውቅም» አለ።

«እኔ አውቃለሁ» አልኩት። ማሽኑ ሲከፈት ሰዎቹ በኔ ዝርዝር ተራ እየገቡ ቁጥራቸውን ወሰዱ። አንድ ሽማግሌ ግን በመካከል አረፍ ሊል ሄዶ ነበርና ስሙን ጠርቼ ሳጣው፣ እጄ ወደ እስክርቢቶዬ ሄደ፤ ሄዶም ቆመ። ዝርዝሩን ለጥበቃው ሰጥቼ ከዚያ ወዲህ የማንንም ስም አልጻፍኩም።

የምጦራቸው ሴት ሲኞራ ፒያ ይባላሉ። ዘጠናን አልፈዋል፤ እግራቸው እንጂ ምላሳቸው አልደከመም። በየጠዋቱ ከማሪሳ ዳቦ ቤት ሁለት ዳቦ አመጣላቸዋለሁ። ሱቁ ጠባብ ስለሆነ ሰው የሚሰለፈው ውጭ አስፋልቱ ዳር ነው። ሰልፉ ረጅም ሆኖ አይደለም የሚያስቸግረው። እኛ ወሬያችንን ሰልፍ ላይ ጨርሰን ነው የምንገባው፤ እነሱ ግን ውጭ ዝም ብለው ቆመው ወሬውን በሙሉ ለማሪሳ ይዘው ይገባሉ። የሐሞት ጠጠር፣ የምራት ክፋት፣ የድመት ሕመም፤ ያ ሁሉ ለአንድ ዳቦ። የሚጠብቀው ሰው «ፓዚዬንዛ» ይላል። ትዕግሥት ማለት ነው፣ ሲሉት ግን እንደ እርግማን ነው።

በገባሁ በሳምንቱ ስድስት ሰው ቀድሞኛል፣ ከመንገዱ ማዶ ደግሞ የሲኞራን መድኃኒት መውሰድ አለብኝ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? የጨርቅ ከረጢቴን አጥፌ፣ ማንጠልጠያው ሰው እንዳይጠልፍ ወደ ውስጥ አስገብቼ፣ ከመጨረሻዋ ሴት ኋላ መሬት ላይ አስቀመጥኩትና ወደ መድኃኒት ቤቱ ተሻገርኩ። ስመለስ ከረጢቴ በሩ ላይ ካለ ሚስማር ተንጠልጥሏል። በቦታዬ ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ ቆመዋል። ሲኞር ኤቶሬ ይባላሉ፣ ዕድሜያቸውን ሩዝ ሲያጠጡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ያኔ ግን አላውቃቸውም። ከረጢቴን፣ መሬቱን፣ ራሴን በጣቴ አሳየኋቸው።

«ሲኞሪና» አሉ፣ «ከረጢት ዳቦ አይገዛም።»

ሰልፉ ሳቀ። በክፋት አልነበረም፣ ነገሩ ያስቃል። እኔ ግን ያን ሳቅ አውቀዋለሁ። በወረታ ሸማቾች በር ላይ እኔው ያስነሣሁት ሳቅ ነው፤ ባሕር ተሻግሮ መጥቶ አገኘኝ። ከመጨረሻ ቆምኩ። «ይሁን» አልኩ፣ በአማርኛ።

ቤት ስደርስ ሲኞራ ፒያ ሰዓቱን አሳዩኝ። «ስንዴውን ልትዘሪ ሄደሽ ነው?» አሉኝ።

«ቦታዬን ከረጢት ይዞልኝ ነበር፣ አባረሩት።»

ነገሩን ግማሹን በእጄ፣ ግማሹን በተሰባበረ ጣሊያንኛ አስረዳኋቸው፤ ስለ ድንጋዩ፣ ስለ ጀሪካኑ፣ ስለ መጁ። ይስቃሉ ብዬ ነበር፤ አልሳቁም። «በኔ ጉልበት» አሉ እግራቸውን እያሹ፣ «እንዲህ ያለ አገር ብኖር ዛሬም ራሴ ዳቦ እገዛ ነበር።» ማታ እግራቸውን ሳሻሸው የእትዬ ጥሩዬ ጉልበት ታወሰኝ። ወንዛዬ ፍል ውሃ እወስድዎታለሁ ብያቸው ሳልወስዳቸው ነው የወጣሁት።

ዓመታቱ እንዲህ ሄዱ። እናቴ ጋ እደውላለሁ፣ ኔትወርክ ሲኖር። ዘይነብ ጋ እደውላለሁ። «እትዬ ጥሩዬን ሰላም በይልኝ» እላለሁ። ዘይነብ «ላቀብልሽ ወይ?» ትለኛለች፤ እኔ «ዛሬ ሥራ አለብኝ» እላለሁ። ሥራ የለብኝም ነበር።

አሁን ወዳለፈው ሐምሌ ልምጣ። ሙቀቱ አስፋልቱን አቅልጦታል። ሲኞር ኤቶሬ ከኔ ፊት ቆመዋል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ተላምደናል፣ ከረጢቴን ባዩ ቁጥር «ዛሬስ ምን ሊገዛ መጣ?» ይሉኛል። በድንገት ባርኔጣቸውን አወለቁና ቆመው ከነበሩበት መሬት ላይ አኖሩት።

«እስቲ ባርኔጣ ዳቦ የሚገዛ እንደሆነ እንይ። ጠብቂልኝ» አሉኝና ከማዶ ወዳለው ጥላ ሄዱ።

ሰልፉ ሲንቀሳቀስ ባርኔጣውን በእግሬ ሳይሆን በእጄ እያነሣሁ ወደፊት አደርገዋለሁ። ተራው ደረሰ። ማዶ አየሁ፣ ጥላው ባዶ ነው።

«ኤቶሬ የሉም፣ አንቺ ግቢ» አለች ማሪሳ ከውስጥ።

«ይመጣሉ» አልኩ። «እንጠብቃቸው።»

ከኋላዬ የመኪና ቁልፍ የምታንቀጫቅጭ ሴት ነበረች። «ማንን ነው የምንጠብቀው? ባዶ ባርኔጣ እኮ ነው!»

«ባለቤት ያለው ባርኔጣ ነው» አልኳት። ጣሊያንኛዬ ደህና አይደለም፣ ነገር ግን ይህን በደንብ ተናገርኩት።

«እስከ መቼ?»

«እስኪመጡ።»

«ፓዚዬንዛ!» አለች፣ በዚያ በእርግማኑ ድምፅ። ማሪሳ እጇን አጣምራ በር ላይ ወጣች። ሌሎቹ መጀመሪያ አጉረመረሙ፣ ቀጥሎ አንዷ «ኤቶሬ ጉልበታቸው ጥሩ አይደለም» አለች፣ ሌላዋ «ባለፈው ወድቀው ነበር» አለች፤ ወሬያቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ውጭ ሆነው ሲያወሩ ሰማሁ። ባለ መኪናዋ ተቆጥታ ሄደች። እርሳቸው አልመጡም። በመጨረሻ ሰውም አሳዘነኝ፤ ገብቼ የርሳቸውንም ሁለት ድቡልቡል ዳቦ ገዛሁና ባርኔጣውን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ።

በነጠላ ጫማ ሆነው በሩን ከፈቱ። ናፕኪን አንገታቸው ላይ አለ፣ ምሳቸውን እየበሉ ነው።

«ባርኔጣዬ! ቤቱን ሁሉ ስፈልገው!» አሉ። ረስተውታል። ሰልፉንም፣ ዳቦውንም፣ እኔንም። ነገሩን ስነግራቸው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ስንት ደቂቃ ጠበቃችሁኝ?» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ።

«አሥራ አንድ።»

ሳቃቸው ቆመ። ባርኔጣውን በሁለት እጃቸው ይዘው አዩት። «ለኔ?» አሉ።

ወደ ቤት ስመለስ መንገድ ላይ ቆምኩ። ሰው ስም ሦስት ጊዜ ሲጠራ ስንት ጊዜ ይፈጃል? በሰዓቴ ለካሁት። «ጥሩዬ አያሌው፣ ጥሩዬ አያሌው፣ ጥሩዬ አያሌው» አልኩ፣ በመካከሉ ዝም እያልኩ፣ ያኔ እንዳደረግኩት። ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። ለሚያውቁኝ ሴት፣ ጆጌን ዓመታት ላሰለፉልኝ ሴት፣ ግማሽ ደቂቃ።

ያን ሳምንት ሁሉ ወረታ ኔትወርክ አልነበረም። በስምንተኛው ቀን ጠዋት ዳቦ ቤቱ ጋ ተሰልፌ ሞከርኩና ገባ።

«የዝና! አንቺ!» ዘይነብ ናት። ከኋላዋ ጫጫታ አለ። «ሰልፍ ላይ ነን፣ ዘይት መጥቶ!»

«እትዬ ጥሩዬስ?»

«አጠገቤ ናቸው። መጃቸው ይኸው ከፊቴ ተጎልቷል፣ አምስተኛ ናቸው። ዛሬም ሥራ አለብሽ?»

መጁን እንደገና ይዘውት እንደሚወጡ አላውቅም ነበር። «የለብኝም» አልኩ። «አቀብይልኝ።»

ጫጫታ፣ የነጠላ መተሻሸት፣ ከዚያ ድምፃቸው፣ ስልክን እንደ ጉድጓድ እያዩ የሚናገሩበት ያ ድምፅ። «የዝንዬ! በሶው አልሻገተም?»

«ሦስት ዓመቱ እኮ ነው እትዬ!»

«እና አለቀ?»

«አንድ እፍኝ አስቀርቻለሁ። በጠርሙስ።»

«ምነው፣ ብዪው እንጂ! ለመንገድሽ ብዬሽ የለም?»

«እትዬ፣ ያን ቀን…» አልኩ። «ስምዎን የሰረዝኩ ዕለት፣ ወፍጮ ቤት ሆነው…»

«ኧ? ጮክ በይ፣ ሰዉ ይንጫጫል!»

ከሰልፉ ወጣ አልኩ፣ ድምፅ እንዲሰማኝ። ያኔ ከስልኩ ውስጥ፣ ከሩቅ፣ ወፍራም የሴት ድምፅ መጣ። «ጥሩዬ አያሌው!»

«ወፍጮ ቤት ነው ያልሽው? ወፍጮ ቤቱማ አሁን ተዘጋ፣ ሌላ…»

«ጥሩዬ አያሌው!» ሁለተኛው ነው። ደንቡን የማያውቅ ቢኖር እኔ አይደለሁም።

«እትዬ! ተጠሩ!» ብዬ ጮኽኩ። «ስምዎ ተጠርቷል! አለሁ ይበሉ! እትዬ፣ አለሁ ይበሉ!»

ዳቦ ቤቱ በር ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ዞረ። ማሪሳ «ተራሽ ነው!» ትለኛለች። ሲኞር ኤቶሬ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሜ ከነበርኩበት ቦታ ላይ አኖሩልኝና ለማሪሳ በእጃቸው ቆይ አሏት።

«አለሁ!» አሉ እትዬ ጥሩዬ፤ ስልኩ በጆሯቸው እንዳለ ነው የጮኹት፣ ጆሮዬን ሰነጠቁት። «አለሁ እናቴ! እዚሁ ነኝ!» ቀጥሎ ለኔ፣ ቀስ ብለው፣ «እንዳትዘጊው። ዘይቴን ልቀበልና መጣሁ፣ የምትዪኝን ትዪኛለሽ።»

ጀሪካን ሲከፈት ሰማሁ። ዘይት ሲቀዳ ሰማሁ፣ ወይም የሰማሁ መሰለኝ። ዘይነብ ከሆነ ሰው ጋር ትሳሳቃለች። አንድ ሰው «ይህን መጅ አንሡት፣ ያደናቅፋል» አለ። ከዚያ ድምፁ ሁሉ እየቀነሰ እየቀነሰ ሄዶ ዝም አለ።

«እትዬ?» አልኩ።

ስክሪኑ ላይ የጥሪው ሰዓት ይቆጥራል፤ መስመሩ አልተቆረጠም። ባርኔጣው በቦታዬ አለ፣ ማንም አልገፋውም፣ ማንም አልሳቀም። እኔም ስልኩን በጆሮዬ ይዤ፣ ከፊቴ የሩዙ ሜዳ በጠዋቱ ፀሐይ እየነጣ፣ አልዘጋሁም።